ዳክዎን ከመክፈትዎ በፊት፦ ለአንድ የማሻሻያ መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

በቤት ሙዚቃ አድማጮች ዘንድ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ የዳክ ማሻሻያ መመሪያ አለ። ዳክ ከኮምፒውተር፣ ከስልክ ወይም ከሲዲ ማጫወቻ የሚመጣውን ዲጂታል ቁጥር አምፕሊፋየሩ ወደሚቀበለው የቮልቴጅ ሞገድ የሚቀይረው ዕቃ ነው። መመሪያው ባጭሩ ስድስት ነገር ይላል። የድምፁን ጠባይ የሚወስነው ቺፑ ነው። ቢት (የእያንዳንዱ ናሙና ቁጥር ስፋት) እና ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደው የናሙና ብዛት) በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይሻላል። ሁለት ዳክ ለማወዳደር ኬብሉን ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካትና ማዳመጥ ይበቃል። ጂተር (የናሙናዎቹ ጊዜ መንቀጥቀጥ) ዋናው ጠላት ስለሆነ የውጭ ክሎክ፣ ማለትም ጊዜ ጠባቂ፣ እና ልዩ የዩኤስቢ ኬብል ያስፈልጋል። ኦፕ-አምፕ (ሲግናሉን የሚያጎላው ትንሽ ቺፕ) መቀየር ቀላሉ ማሻሻያ ነው። ካፓሲተርን (ኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚይዘውን ክፍል) እና ፓወር ሰፕላይን በተሻለ ዕቃ መተካት ሁልጊዜ ያዋጣል።

ከስድስቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት የሚባል የለም። ጉድለቱ እያንዳንዱ አባባል የሚሠራበትን ሁኔታ መዝለሉ ነው፤ ሁኔታው ሲዘለል ደግሞ ሰው ጤነኛ ዕቃ ከፍቶ በሽተኛ ያደርገዋል።

የማወዳደሩን ነጥብ አስቀድማለሁ። እሱ ከተበላሸ የቀሩት አምስቱ የሚፈተኑበት መንገድ የለም።

ነቅሎ መሰካት ለምን አይበቃም? ዳኮች እኩል ቮልቴጅ አያወጡም። በአርሲኤ (በተለመደው ክብ የድምፅ መሰኪያ) መውጫ የተለመደው 2 ቮልት ቢሆንም 1.9፣ 2.1 ወይም 2.3 የሚያወጣ ሞልቷል፤ በባለ ሦስት እግሩ ኤክስኤልአር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቮልት ነው። በ2.0 እና በ2.3 ቮልት መካከል ያለው ልዩነት 1.2 ዴሲቤል ነው። ጆሮ ይህን ያህል ልዩነት ሲሰማ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ»፣ «ቤዙ ሞላ»፣ «ድምፃዊዋ ቀረበች» ይላል። ኬብል ነቅሎ እስኪሰኩ የሚያልፈው ጊዜም ቀላል አይደለም፤ ጆሮ ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት የሚይዘው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱን መጠን ማስተካከል ግድ ነው። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም 400 ሄርዝ የሆነ የሳይን ድምፅ በ0.5 አምፕሊቲዩድ ይፍጠሩና በሚጠቀሙበት ማጫወቻ ያጫውቱት። 400 ሄርዝ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ርካሽ መልቲሜትሮች በኤሲ ሲለኩ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ካለ ያሳስታሉ። ዳኩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር እንደተገናኘ፣ ስፒከሩ ዝቅ ብሎ፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የአርሲኤው መሐል ላይ፣ ሌላውን የውጭ ቀለበቱ ላይ ያድርጉ፤ ሁለቱን እንዳያነካኩ ይጠንቀቁ። የ2 ቮልቱ ዳክ 1.00 ቮልት፣ የ2.3ቱ 1.15 ቮልት ያሳያል። ከዚያ የሚጮኸውን በማጫወቻው ወይም ኢኳላይዘር ኤፒኦ በተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም የፕሪአምፕ መስመር ዝቅ ያድርጉት፤ እዚያ ላይ ‎-1.21 ዴሲቤል ብሎ በነጥብ መጻፍ ይቻላል። የዊንዶውስ የድምፅ መቼት 24 ቢት ላይ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ግቡ 0.1 ዴሲቤል ነው፤ በቮልት ሲታሰብ 1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ግማሽ ግማሽ ዴሲቤል የሚዘል የቮሊዩም ቁልፍ ለዚህ አይሆንም። ግራና ቀኙንም ለየብቻ ይለኩ፤ በአንዱ ዳክ ግራው ትንሽ ከፍ ካለ የድምፃዊው ቦታ ይንሸራተታል፤ ያንን «ሰፊ መድረክ» ብለው የሚጽፉ ገምጋሚዎች አሉ።

ሁለቱን ዳኮች በአምፕሊፋየሩ ሁለት መግቢያዎች ላይ ሰክቶ በመራጩ ቁልፍ መቀያየር ይሻላል። አንዱ በዩኤስቢ፣ ሌላው በኦፕቲካል ከሆነ የመዘግየት ልዩነት ይኖራቸዋል፤ በሙዚቃው መሐል ሲቀየር የሚሰማው ዝላይ የትኛው እንደሆነ ያሳብቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር የ15 ሰከንድ ቁራጩን ከመጀመሪያው ያስጀምሩ። ቀያሪው ሌላ ሰው ይሁን፤ ሳንቲም እየጣለ ይምረጥ፤ ከጀርባ ይቁም፤ ውጤቱን ወረቀት ላይ ይያዝ። አንዳንድ ዳኮች ሲግናል ሲያገኙ ቀጭ የሚል ሪሌይ አላቸው፤ እሱም ያጋልጣል። ከ16 ዙር 12 እና ከዚያ በላይ ትክክል ከሆነ በዕድል የመሆኑ ዕድል 3.8 በመቶ ነው። 9 ወይም 10 ከሆነ ሳንቲሙም ያንን ያህል ያገኛል።

ወደ ቺፑ እንሂድ። ቺፑ ብቻውን ድምፅ አያወጣም። ብዙዎቹ ትልልቅ ቺፖች የሚያወጡት ከረንት ነው፤ ያንን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ኦፕ-አምፕ፣ ከኋላው አናሎግ ፊልተር፣ ከጎኑ ንጹህ የሪፈረንስ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ኢኤስኤስ የተባለው ድርጅት ቺፖች ጥሩ ማሳያ ናቸው። በብዙ ዳኮች ላይ ሲለኩ መካከለኛ የሲግናል መጠን ላይ የኢንተርሞጁሌሽን ዲስቶርሽን (ሁለት ድምፆች ሲደባለቁ የሚፈጠር መዛባት) ጉብታ ይታይባቸው ነበር። አንዳንድ አምራቾች ቺፑን ሳይነኩ የከረንት-ወደ-ቮልቴጅ ክፍሉን አስተካክለው ጉብታውን አጠፉት። ቺፑ ያው፣ ውጤቱ ሌላ። በተቃራኒው ደግሞ በጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ኖቤኦካ የሚገኘው የቺፕ አምራቹ የኤኬኤም ፋብሪካ ሲቃጠል ቺፕ ያጡ አምራቾች ሞዴሎቻቸውን ወደ ሌላ ድርጅት ቺፕ አዛወሩ። በደንብ የተሠሩት ዳኮች ቺፕ ቀይረውም በልኬት ከቀድሞው ብዙም አልራቁም።

መመሪያው የሚያሞካሸው የሬዚስተር ላደር ዳክ፣ ማለትም ቁጥሩን በተደረደሩ ሬዚስተሮች ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው፣ የተለየ ጉዳይ ነው። በ16 ቢት ትንሿ እርምጃ ከሙሉው 65,536 አንዷ ናት። ሬዚስተሮቹ 0.01 በመቶ ትክክለኛ ቢሆኑ እንኳ ስህተታቸው ከ10,000 አንድ ነው፤ ማለትም ትልቁ ቢት ሲገለበጥ የሚፈጠረው ስህተት ከትንሿ እርምጃ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ የሚታየው ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ነው፤ የፒያኖ ኖታ ሲሞት ጅራቱ ይሻክራል። መውደድ ይቻላል፤ «የበለጠ ትክክለኛ» ማለት ግን አይቻልም።

በእውነት የሚሰማ ልዩነት ያለበትና ምንም ወጪ የማይጠይቀው የዲጂታል ፊልተር ምርጫ ነው፤ መመሪያው ግን በአንድ መስመር አልፎታል። ያለ ኦቨርሳምፕሊንግ (በናሙናዎቹ መካከል ተጨማሪ ናሙና ሳያሰላ) የሚሠራ ዳክ በ44.1 ኪሎ ሄርዝ ፋይል ላይ 10 ኪሎ ሄርዝን በ0.75፣ 20 ኪሎ ሄርዝን በ3.2 ዴሲቤል ዝቅ ያደርጋል። «ለስላሳ»፣ «አናሎግ የመሰለ» የሚባለው ጠባይ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ለዚያ ብሎ አዲስ ዳክ ከመግዛት በፊት አሁን ባለው ዳክ ምናሌ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ፊልተር መሞከር፣ ካልበቃም በኢኳላይዘር ከ8 ኪሎ ሄርዝ በላይ 1 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ቢት ብዙ ማለት አያስፈልግም። 16 ቢት በንድፈ ሐሳብ 98፣ 24 ቢት 146 ዴሲቤል ይሰጣል። የዛሬ ምርጥ ዳኮች መውጫቸው ላይ ሲለኩ ከ120 እስከ 130 ባለው ውስጥ ናቸው፤ ያም ከ20 እስከ 21 ቢት ነው። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው 32 የሚያመለክተው ቺፑ የሚቀበለውንና በውስጡ የሚያሰላበትን የቁጥር ስፋት እንጂ ከሶኬቱ የሚወጣውን አይደለም። 768 ኪሎ ሄርዝም ጆሮ የማይደርስበትን ክልል ያሰፋል። ይልቅ ሰው የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ፤ በጣም ተጨምቆ የተቀዳ ዘመናዊ ሙዚቃ ናሙናዎቹ ከ0 ዴሲቤል ባያልፉም በናሙናዎቹ መካከል ያለው ሞገድ ሊያልፍ ይችላል፤ እስከ 3 ዴሲቤል ማለፉ የተለመደ ነው። የዳኩ ፊልተር ለዚያ ቦታ ካልተወለት ይቆርጠዋል። መፍትሔው ማጫወቻው ላይ ቮሊዩሙን በ3 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ነው፤ በ24 ቢት መንገድ ምንም አያጎድልም።

ጂተርን በተመለከተ መመሪያው የሚናገረው ስለ ድሮ ዕቃ ነው። የቆዩ የኤስፒዲፍ (በኮአክሲያል ወይም በኦፕቲካል ኬብል የሚመጣ ዲጂታል ሲግናል) ተቀባዮች ጊዜውን ከሚመጣው ሲግናል ላይ ስለሚወስዱ የምንጩ መንቀጥቀጥ ወደ ዳኩ ይገባ ነበር። አሲንክሮነስ ዩኤስቢ ይህን ገልብጦታል፤ ጊዜ ጠባቂው ዳኩ ውስጥ ያለው ክሪስታል ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚልከው ዳኩ በጠየቀው ልክ ነው፤ መረጃው መጠባበቂያ ቋት ውስጥ ገብቶ በክሪስታሉ ምት ይወጣል። ኬብሉ መጥፎ ከሆነ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ይንጫጫል፤ «ጠፍጣፋ» ወይም «ደረቅ» አይሆንም። መጠኑንም እናስላ፤ 10 ኪሎ ሄርዝ ድምፅ ላይ 1 ናኖ ሰከንድ ጫፍ ያለው ጂተር የሚፈጥራቸው የጎን ድምፆች ከዋናው 90 ዴሲቤል ዝቅ ያሉ ናቸው። 100 ፒኮ ሰከንድ ከሆነ 110። ደህና ዳክ የሚገኘው ከዚህ ከሁለተኛው በታች ነው። የ10 ሜጋ ሄርዝ የውጭ ክሎክ ደግሞ በቀጥታ አይሠራም፤ ዳኩ የሚፈልገው 22.5792 እና 24.576 ሜጋ ሄርዝ ስለሆነ በመካከል ሌላ ወረዳ ገብቶ መለወጥ አለበት። ቺፑ አጠገብ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ ክሪስታል ከአንድ ሜትር ኬብል ማዶ ካለ ሣጥን መብለጡ አይግረምዎት።

የዩኤስቢ ኬብል የሚያመጣው እውነተኛ ጣጣ የግራውንድ ሉፕ (በኮምፒውተሩና በአምፕሊፋየሩ የመሬት መስመሮች መካከል የሚዞር ከረንት) ነው። ምልክቱ 50 ሄርዝ ላይ እምምም የሚል ድምፅ፣ ወይም ማውሱ ሲንቀሳቀስና ገጽ ሲገለባበጥ የሚከተል ቀጭን ሲርታ ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ያስኬዱት፤ ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ። ቀላሉ መድኃኒት ኦፕቲካል ኬብል ነው፤ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ክር ግራውንድ አይሻገርም። ዩኤስቢ የግድ ከሆነ አይሶሌተር (ሁለቱን ግራውንድ የሚለያይ ዕቃ) ይገባል፤ ነገር ግን በኤዲዩኤም4160 ቺፕ የተሠሩት የሚያሳልፉት 12 ሜጋ ቢት በሰከንድ ብቻ ነው፤ 192 ኪሎ ሄርዝ የሚቀበል ዳክ 480 ስለሚፈልግ ወይ ጨርሶ አይታወቅም ወይ በ96 ይወሰናል። ከመግዛትዎ በፊት «ሃይ ስፒድ» መሆኑን ይመልከቱ። የስፒናውን የመሬት እግር መቁረጥ ግን በፍጹም አይሞከርም። ድምፁ ይጠፋል፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ደግሞ ቆርቆሮው ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

አሁን ብዙ ዕቃ ወደሚበላሸበት ነጥብ ደርሰናል። መመሪያው ኦፕ-አምፕ መቀየርን አምፖል እንደመቀየር አድርጎ አቅርቦታል።

በቅድሚያ የሚገኘው ጥቅም ምን ያህል ነው? የሚናቀው ኤንኢ5532 ኖይዙ በግምት 5 ናኖ ቮልት በስኩዌር ሩት ሄርዝ ነው። በ20 ኪሎ ሄርዝ ክልል ውስጥ 0.7 ማይክሮ ቮልት ይሆናል፤ ከ2 ቮልት ጋር ሲነጻጸር 129 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው። በዙሪያው ያለው አንድ ባለ 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብቻውን 6 ናኖ ቮልት ያመነጫል። ስለዚህ 1.1 ናኖ ቮልት ያለውን ኦፒኤ1612 ማስገባት ኖይዙን በተስፋው ልክ አይቀንስም፤ ሬዚስተሮቹ እዚያው ናቸውና። ፍጥነትም ቢሆን 2 ቮልት በ20 ኪሎ ሄርዝ ለማውጣት የሚጠይቀው 0.36 ቮልት በማይክሮ ሰከንድ ነው፤ 5532 ዘጠኝ አለው። ከቺፑ ወጥቶ ከረንቱን የሚቀበለው የመጀመሪያው ኦፕ-አምፕ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ እዚያ ቦታ ላይ የመመሪያው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ከዚያ በኋላ ባለው ፊልተርና መውጫ ላይ ግን ብዙ የሚገኝ ነገር የለም።

አደጋው ደግሞ ይህ ነው። በመጀመሪያ የመመገቢያውን ቮልቴጅ ይለኩ፤ በባለ ስምንት እግሩ ድርብ ኦፕ-አምፕ ላይ ከ8ኛው እግር እስከ 4ኛው። 30 ቮልት ካሳየ ወረዳው ±15 ነው፤ ኤዲ8620 የሚሠራው እስከ ±13 ድረስ ስለሆነ እዚያ ላይ ይቃጠላል። በ5 ቮልት ዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ቦርድ ላይ ደግሞ በተገላቢጦሽ 5532 አይሆንም፤ ቢያንስ ±5 ይፈልጋል። አቀማመጡም አይምርም። ጎድጎዱ ወይም ነጥቡ ያለበት ጎን የ1ኛ እግር ምልክት ነው። 4ኛውና 8ኛው እግር በማዕዘን ተቃራኒ ስለሆኑ ቺፑ ዞሮ ከገባ ፖዘቲቩ በትክክል ኔጌቲቩ ላይ ያርፋል፤ ለማሞቅ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ነጠላና ድርቡ አይለዋወጡም። ኦፒኤ637 ጌይኑ (ሲግናሉን የሚያጎላበት እጥፍ) ከ5 በታች በሆነ ወረዳ ላይ አይረጋም፤ ነጠላው ኤንኢ5534ም ያለ ተጨማሪ ካፓሲተር ጌይኑ 3 ሳይደርስ አይታመንም፤ አብዛኛው የዳክ ፊልተር ግን የሚሠራው በ1 አካባቢ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ኦሲሌሽን፣ ማለትም ቺፑ በራሱ መንቀጥቀጡ ነው፤ ምክንያቱም ሙዚቃው መጫወቱን ይቀጥላል። ፈጣን ኦፕ-አምፕ የተሠራው ለአጭር መንገድ ነው። ትንሹን ኤስኦአይሲ ቺፕ በአስማሚ ሰሌዳ ላይ አድርገው ትልቁ ሶኬት ላይ ሲሰኩት እግሩ ይረዝማል፤ ቦርዱ ላይ ያለው የመመገቢያውን ቮልቴጅ የሚያረጋጋው የ100 ናኖ ፋራድ ዲካፕሊንግ ካፓሲተር ይርቃል፤ ቺፑም በብዙ ሜጋ ሄርዝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ይህን መልቲሜትር አያይም። የሚሰማው የተጨመረ «ብሩህነት» ወይም የሻከረ ላይኛ ድምፅ ነው፤ ሰው ደግሞ ለውጥ ስለሰማ ይደሰታል። የሚያጣራው የቮልቴጁን ሞገድ በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው፤ ሙዚቃ ሳይኖር 1ኛና 7ኛ እግር ላይ ሲታይ መስመሩ ቀጭን መሆን አለበት፤ ወፍሮ እንደ ፎጣ ጠርዝ ከተንዘፈዘፈ አደጋ አለ። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ቢያንስ ቺፑን በጣቱ ይንካ፤ ከቀድሞው በግልጽ ከሞቀ ቶሎ ይንቀለው። መከላከያው ከአስማሚው ሥር በ4ኛና በ8ኛ እግር መካከል 100 ናኖ ፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር መበየድ ነው። በመጨረሻ መውጫው ላይ የዲሲ ቮልቴጅ ይለኩ። 5532 በመግቢያው ወደ 200 ናኖ አምፔር ይስባል፤ መንገዱ ላይ 100 ኪሎ ኦም ካለ 20 ሚሊ ቮልት ይፈጥራል። ከጥቂት ሚሊ ቮልት በላይ ካገኙ አምፕሊፋየሩን አያገናኙ። እግሮቹ በስታኞ የተበየዱ ከሆኑና የሚነቅሉበት የሙቀት አየር ከሌለ ሥራውን ባይጀምሩት ይሻላል፤ የቦርዱ የመዳብ ንጣፍ ከቺፑ ጋር ተላቆ ሲመጣ መመለሻ የለውም።

ካፓሲተሮች። ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለ ዳክ ላይ ኤሌክትሮላይቲኮቹን መቀየር ጥገና ነው፤ መደረግም አለበት፤ ያው ማይክሮፋራድ፣ ያው ወይም የበለጠ ቮልት፣ 105 ዲግሪ፣ የእግር ክፍተቱ የገጠመ። አዲስ ዳክ ላይ ሲሆን ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የመውጫ ካፓሲተር ነው። 10 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ በ10 ኪሎ ኦም አምፕሊፋየር ላይ መቁረጥ የሚጀምረው 1.6 ሄርዝ ላይ ነው። «የተሻለ» የሚባለው ፊልም ካፓሲተር በ10 ማይክሮፋራድ ሲሆን ገዝፎ በዚያ ቦታ ስለማይገባ ብዙዎች 1 ማይክሮፋራድ ያስገባሉ፤ መቁረጫው ወደ 16 ሄርዝ ይወጣና 20 ሄርዝ ላይ 2 ዴሲቤል ይጎድላል። ከዚያ «ቤዙ ጠበቅ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው የቮልቴጅ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ቺፕ) መውጫ ነው። ኤልኤም1117 ለመረጋጋት መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር ቢያንስ 0.3 ኦም ውስጣዊ ሬዚስታንስ እንዲኖረው ይጠይቃል። መመሪያው የሚመክራቸው ፖሊመር ካፓሲተሮች ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው፤ ሬጉሌተሩ ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ማሻሻያውም ኖይዝ አምራች ይሆናል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ መመሪያው ግማሽ መንገድ ትክክል ነው። ዳክ ቺፕ የሚያወጣው ሲግናል ከሪፈረንስ ቮልቴጁ ጋር እኩል ስለሚዘል፣ በዚያች እግር ላይ ያለ ኖይዝ በቀጥታ ሙዚቃው ላይ ይታተማል፤ ኤልቲ3045ን የመሰለ 0.8 ማይክሮ ቮልት ኖይዝ ያለው ሬጉሌተር ቦታው እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ የሚሰካው አዳፕተር ግን ከዚያ ሁለት ሦስት ሬጉሌተር ወደኋላ ነው። ዳኩ በ5 ቮልት ዩኤስቢ የሚመገብ ከሆነ አንድ ምሽት ከፓወር ባንክ ያስኬዱት። በፓወር ባንክ ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ባለ ሁለት እግር ስዊቺንግ ቻርጀር በውስጡ ባለው ካፓሲተር በኩል የሚያሳልፈው ሾልኮ የሚያልፍ ትንሽ የ50 ሄርዝ ከረንትም ይቋረጣል። ልዩነት ከሌለ ሊኒያር ሰፕላይም (በትልቅ ትራንስፎርመር የሚሠራው) አያመጣም። ካለና ለመግዛት ከወሰኑ ቮልቱን፣ አምፔሩንና የሶኬቱን ፖላሪቲ ያስተያዩ፤ ሬጉሌተር የሌለው «9 ቮልት» ሊኒያር ሰፕላይ ጭነት ሳይኖረው ከ12 በላይ ሊያወጣ ይችላል። ትራንስፎርመሩንም ከዳኩ ያርቁት፤ ያለዚያ የሸሹት እምምም የሚል ድምፅ ባየር ይመለሳል።

መመሪያው ጨርሶ ያልነካው አንድ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ቶሎ የሚስተካከል ነው፤ የዳኩ ቮልቴጅና የአምፕሊፋየሩ ፍላጎት አለመጣጣም። ብዙ አምፕሊፋየሮች ሙሉ ጉልበታቸውን ለመስጠት ከ1 ቮልት ያነሰ ይበቃቸዋል። 2 ወይም 4 ቮልት ሲገባባቸው ቮሊዩሙ ገና ሩብ ሳይዞር ቤቱ ይናወጣል፤ በዚያ ክልል የፖቴንሺዮሜትሩ (የቮሊዩም ቁልፉ) ግራና ቀኝ እኩል ስለማይሄዱ ድምፁ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የአንዳንዱ መግቢያ ደግሞ 4 ቮልቱን ከቮሊዩሙ በፊት ይቆርጠዋል፤ ዝቅ ቢያደርጉትም ሻካራው አይለቅም። በእያንዳንዱ ቻናል ሲግናሉ ላይ በተከታታይ 6.8 ኪሎ ኦም፣ ከዚያ በኋላ ከሲግናል ወደ ግራውንድ 3.3 ኪሎ ኦም ቢበየድ፣ መግቢያው 47 ኪሎ ኦም በሆነ አምፕሊፋየር ላይ 10 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሬዚስተሮቹ 1 በመቶ ሜታል ፊልም ይሁኑ፤ አለበለዚያ ግራና ቀኙ ይለያያሉ። የሚቀመጡትም ከኬብሉ አምፕሊፋየር ጫፍ ባለው የአርሲኤ መሰኪያ ውስጥ ነው፤ በዳኩ በኩል ከሆነ ኬብሉ ላይ የሚሄደው ሲግናል ደካማ ይሆንና ኖይዝ በቀላሉ ይለቅማል።